ትንሿ ኮምፒዩተር ቤት እስክትገባ ስንት ትቆማለች?

ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የሚመጣ ኮንቴይነር ይራገፋል። ወደ አገር ከሚገባው የኮንቴይነር ጭነት ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው በዚሁ ግቢ ነው። ወደቡን ተከትሎ በከተማዋ የሰፈረው የትራንዚተር፣ የሾፌርና የጭነት ተቆጣጣሪ ቤተሰብ ግን ዕቃው በደጁ ስላለፈ ብቻ በርካሽ አያገኘውም። ለልጆቹ ኮምፒዩተር ልግዛ ያለ አባወራ ሒሳቡን እንደማንኛውም የአገሪቱ ሸማች መሥራት ይኖርበታል።

ጉዳዩ የቅንጦት መሆኑ ከቀረ ሰነባብቷል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ኮምፒዩተር ያልለመደ ተማሪና የለመደ ተማሪ እኩል ሰዓት ተሰጥቷቸው እኩል አይሠሩም።

ለዚህ ሲባል ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው የኤቲኤም ካርድ የሚያካክሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥቡ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ከእነዚህ ታዋቂው «ራስበሪ ፓይ» እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በእንግሊዝ አገር በ35 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አራተኛው ትውልድ ግን ሁለት ስክሪን የሚነዳ፣ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ያለ ችግር የሚያሠራ የቤት ኮምፒዩተር ለመሆን በቃ። አምስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይቱ 60 ዶላር ነበር፤ የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ በመናሩ እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ ላይ ጭማሪ ተደርጎበታል።

ሸማቹን የሚያሳስተው ይህ ቁጥር ነው። 60 ዶላሩ የሰሌዳው ብቻ ዋጋ ነው። የኃይል መስጫው፣ የማስታወሻ ካርዱ፣ ማቀፊያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የስክሪን ገመዱ፣ ኪቦርዱና ማውዙ ለየብቻ ይገዛሉ። ሞኒተርን በተመለከተ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ ካለ ያ ወጪ ይቀራል፤ ማታ ማታ ድራማና የቤት ሥራ በአንድ ስክሪን መጋጨታቸው እንዳለ ሆኖ።

ለምሳሌ ያህል ሰሌዳው ከነተጓዳኝ ዕቃው 110 ዶላር፣ የአየር ማጓጓዣው 30 ዶላር፣ በድምሩ 140 ዶላር ወጣ እንበል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 7,980 ብር ነበር። በ150 ብር ሲሰላ 21,000 ብር ይሆናል። የጉምሩክ ሒሳብ የሚሠራው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት ነው፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻውን 3,150 ብር ይጨምራል። ቀረጥና ሌላው ክፍያ ገና አልገባም። አንድ ሰሌዳ ብቻ የሚያስመጣ ሰው ለማጓጓዣውም ታክስ ስለሚከፍል፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ላይ ከሚያስመጣው ነጋዴ ይልቅ ዕቃው ይወደድበታል። የሚገርመው ደግሞ በወደቡ አጥር ሥር የሚኖረው የሞጆ ሰው ያዘዛት ትንሽ ጥቅል በሞጆ አታልፍም። በአውሮፕላን ቦሌ ትገባና ከአዲስ አበባ ተመልሳ ትመጣለታለች።

ታዲያ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? ብዙ ሰው «በመብራት ክፍያ» ይላል። ይህ በቁጥር ይታይ። አንድ የቆየ የቢሮ ኮምፒዩተር በቀላል ሥራ 80 ዋት ያህል ይጠቀማል ቢባል፣ በቀን 5 ሰዓት ሲሠራ በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ትንሿ በ5 ዋት ብትሠራ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች፣ 0.75 ብቻ ነው የምትፈጀው። 20 ዋት የሚወስድ ሞኒተር ለሁለቱም 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራል። ልዩነቱ በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሆነ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ስለሚስብ፣ የወሩ ቁጠባ የሦስት ሰዓት ተኩል ጋገራ ያህል ቢሆን ነው። ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉ ቁጠባውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሆኖም ለዚህ ብሎ ብቻ 20 ሺህ ብር የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይጠብቃል።

ዋናው ጥቅም የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ሙሉ ጉልበቱ 600 ዋት ሰዓት ነው። እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ 300 ይቀራል። ትንሿ ኮምፒዩተርና ሞኒተሩ በአንድነት 25 ዋት ሲወስዱ፣ በኢንቨርተሩ የሚባክነው ተቀንሶ፣ አሥር ሰዓት ያህል ይሠራሉ። 80 ዋቱ ኮምፒዩተር ከሞኒተሩ ጋር በዚያው ባትሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። ነገ ፈተና ላለበት ተማሪ ልዩነቱ ይህ ነው። ባትሪ የማይገዛ ቤተሰብ ግን ተቃራኒውን ሊያገኝ ይችላል፦ መብራት በድንገት ሲቋረጥ በትንሿ ካርድ ላይ የተጻፈው ሥርዓት ሊበላሽና ኮምፒዩተሯ አልነሣም ልትል ትችላለች። የካርዱን ቅጂ በሌላ ካርድ ማኖር፣ ከተቻለም በካርድ ፈንታ ኤስኤስዲ መግጠም ያስፈልጋል። የስምጥ ሸለቆ ሙቀትና አቧራም አለ፤ አምስተኛው ትውልድ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ ያለ ማራገቢያ ባይሠራበት ይሻላል።

ከዋጋውም ከመብራቱም በላይ መጠየቅ ያለበት ቤቱ የሚሠራው ሥራ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ አማርኛ መጻፍና ማንበብ አያስቸግርም። ጽሑፍና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ሊብሬ ኦፊስም በነፃ ይገኛል። ትራንዚተሩ አባት ጉምሩክን የሚገናኝበት የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎትም በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ነው። ነገር ግን ማታ ቤት አምጥቶ የሚሠራው ሒሳብ በፒችትሪ ከሆነ አይሆንም፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፊደል የተተየበ ደብዳቤም ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ላለው ቤት ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን የኢንቴል ኤን 100 የያዙ፣ የመጽሐፍ ያህል ቦታ እንኳ የማይፈጁ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስን ያሠራሉ፤ የሚወስዱት ኤሌክትሪክም ከአሮጌው የቢሮ ሣጥን እጅግ ያነሰ ነው። ዋጋቸው ከሰሌዳው ይበልጣል፤ ነገር ግን ማቀፊያው፣ ማስታወሻውና ኃይል መስጫው ብዙውን ጊዜ አብሮ ስለሚመጣ ልዩነቱ መጀመሪያ የመሰለውን ያህል አይሰፋም። ያገለገለውን የቢሮ ኮምፒዩተር በርካሽ ለሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ሊኑክስ ከተጫነባቸው ግን አሁንም ያገለግላሉ።

«ልጆቹ ማን ያስተምራቸዋል?» ለሚል ወላጅ ከሞጆ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዳማ ወዲያ በወለንጪቲ አካባቢ የሆነው ይነገረው። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያና በወንጪ ለማያነቡ ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ፤ ለአዋቂዎቹ የታየው በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ነበር። ድርጅቱ በወቅቱ እንደገለጸው ሕፃናቱ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው ተጠቀሙበት። ታብሌት ባትሪው በውስጡ ስላለ መብራት አላስጨነቃቸውም። ሰሌዳዋ ግን ባትሪ የላትም፤ በኪቦርድና በማውዝ ግን ትሠራለች፣ ፈተናውም በኮምፒዩተር ነው።

ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ቢጠይቅ አይከፋም፦ ኮምፒዩተሯን ከራሱ ቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ እንዲያሳየው፣ እንዲሁም የኃይል መስጫው ለዚያችው ሞዴል የተሠራ መሆኑን። የስልክ ቻርጀር ሰክቶ «ትሠራለች» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ መብራቷ ይበራል፣ ሥራ ሲበዛባት ግን ትጠፋለች።