ሸክሙን አውርደሽ አዳምጪው

ቁረይሻ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ትገኛለች። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል። አፈሩ የተገኘው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ከባዝልት ሲሆን፣ ባዝልት ባለበት አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አቂቅ አይጠፋም። አቂቅ ሙስሊሞች በቀለበትና በመቁጠሪያ የሚያከብሩት ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ ነው። የሚከተለው ምልልስ ከኢትዮጵያዋ የድንበር ከተማ ከመተማ ተሻግረው በወፍጮ ጥገና ሥራ ባረጁ አዛውንትና ያገለገለ ድንጋይ ማለስለሻ ማሽን ይዛ በመጣች ወጣት መካከል የተደረገ ነው።

ወጣቷ፦ አያ፣ እንዴት ዋሉ? ይቺን ማሽን ዘመዴ ከአሜሪካ ላከልኝ። ስሰካት ሞተሩ ያጉረመርማል፤ በርሜሉ ግን አይዞርም። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?

አዛውንቱ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቀመጪ ልጄ። የሚያጉረመርም ሞተር ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ብዙ ጊዜ ድምፅም የለው። እንዲህ እያጉረመረመ ከተተወ ግን ይቃጠላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከስፒናው ንቀዪው። አሁን ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢልኝ።

ወጣቷ፦ ሎርቶን ይላል። 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የሰካሁት በትራንስፎርመር ነው።

አዛውንቱ፦ ደግ አደረግሽ። የሱዳን መብራት 230 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ብትሰኪው ኖሮ ጢሱን ታዪ ነበር። ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። እዚህም ሆነ መተማ ማዶ ያለው 50 ኸርዝ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ቮልቱ እንዳለ ከቀጠለ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። ትራንስፎርመርሽ 100 ቮልት መውጫ ካለው እሱን ተጠቀሚ፤ ኸርዙ በቀነሰበት ልክ ቮልቱም ሲቀንስ ሙቀቱ ይበርድለታል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል መቀየሪያ ግን ለሞተር እንዳትሞክሪው።

ወጣቷ፦ መብራት ሲጠፋ በሶላር ባትሪ ላሠራው አስቤ ነበር።

አዛውንቱ፦ ይቻላል፤ ኢንቨርተሩን እይ እንጂ። ርካሹ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ ጥራት ስለሌለው ትንንሽ ሞተሮችን ያንጫጫል፣ ያሞቃል። ይህ ማሽን ደግሞ ሌት ተቀን ለሳምንታት የሚሠራ ነው፤ ዛሬ ትንሽ የመሰለሽ ሙቀት በሳምንቱ የሞተሩን የሽቦ ጥቅል ይበላዋል። ሞገዱ ንጹሕ የሆነ ኢንቨርተር ካላገኘሽ ቢቀርብሽ ይሻላል።

ወጣቷ፦ እሺ፤ አሁንስ የማይዞርበትን ምክንያት በምን እናውቃለን? ሱቅ ያሉት ሰዎች ሞተር ቀይሪ አሉኝ።

አዛውንቱ፦ ሳይመረምሩ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ዘዴው አንድ ነው፦ ሸክሙን በየተራ እያወረድሽ የት ላይ እንደሚደክም አዳምጪ። በርሜሉን አንሺ። በርሜሉ ከሚተኛባቸው ሁለት ዘንጎች ሞተሩ የሚነዳው ብቻውን ዞረ? እንግዲያው ጥፋቱ በርሜሉ ነው፤ ወይ ከብዷል፣ ወይ ከጎን እየታከከ ነው። አልዞረም? ቺንጋውን አውልቂ። ሞተሩ ብቻውን ከዞረ ጥፋቱ ቺንጋው ወይም የዘንጉ ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ ብቻውንም ካልዞረ ያኔ ወደ ሞተሩ እንገባለን። በየመካከሉ ንቀዪው፤ እጅሽንም የምታስገቢው ከነቀልሽው በኋላ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ በርሜሉን አነሣሁት፤ የሚነዳው ዘንግ አልዞረም። ቺንጋውን ሳወልቀው ሞተሩ ዞረ!

አዛውንቱ፦ አየሽ፣ ሞተሩ ተረፈ። አሁን ዘንጎቹን በጣትሽ አሽከርክሪያቸው።

ወጣቷ፦ አንዱ በቀላሉ ይዞራል። ሞተሩ የሚነዳው ግን ያዝ ያደርገዋል፣ ይንኮሻኮሻል።

አዛውንቱ፦ መንኮሻኮሹ ዱቄት የገባበት ምልክት ነው። የቀድሞው ባለቤት በርሜሉ ሲያፈስ ዝም ብሎ አሠርቶታል። የሚፈስሰው ድንጋይ የሚበላ ዱቄት ነው፤ ኩሽኔታንና ዘንግን አይምርም። ዘንጉን አውጪው፤ ዘንጉንም ቀዳዳውንም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ዘንጉ ላይ በጥፍርሽ የሚሰማሽ ጉድጓድ ካለ ኩሽኔታው መቀየር አለበት። ከሌለ የስፌት መኪና ዘይት በየጫፉ አንዳንድ ጠብታ አድርጊ፤ አንድ ጠብታ ብቻ!

ወጣቷ፦ ቤት ያለው የሰሊጥ ዘይት አይሆንም?

አዛውንቱ፦ በፍጹም። የምግብ ዘይት እየቆየ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ ከዚያ ዛሬ ያየሽው መያዝ ተመልሶ ይመጣል። ግራሶም ዱቄት ይሰበስባል። የስፌት ዘይቱም ቢሆን ከበዛ ወደ ቺንጋው ይፈስሳል፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ደግሞ ይንሸራተታል።

ወጣቷ፦ ቺንጋው ራሱ ደህና ነው?

አዛውንቱ፦ እጠፊው። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀየር፤ ዘይት ብቻ ነክቶት ከሆነ በሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን እይ፤ ጠማማ ከሆኑ አዲስ ቺንጋም ብታስገቢ ጠርዙ ይበላል። አጥብቄ ብወጥረው አይንሸራተትም ብለሽ እንዳታስቢ። የተወጠረ ቺንጋ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ይስብና ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተሩንም ያስጨንቃል። ቺንጋ እስኪመጣልሽ ድረስ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጭን ቀለበት ቆርጠሽ መሞከር ትችያለሽ፤ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፣ ተለዋጩን አትርሺ።

ወጣቷ፦ ዞረ! አሁን ድንጋዩን ልሙላው?

አዛውንቱ፦ አትቸኩዪ። ይህ የጎማ በርሜል 3 ፓውንድ የሚይዝ ነው፤ ማለት 1 ኪሎ ከ360 ግራም ገደማ። ይህ ልክ ድንጋዩ፣ ውኃውና ዱቄቱ ተደምሮ ነው። ድንጋዩ ከበርሜሉ ሁለት ሦስተኛውን ይሙላ፣ እስከ ሦስት አራተኛም ይፈቀዳል። ከዚያ ካነሰ ድንጋዩ ከፍ ካለ ቦታ እየወደቀ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ቦታ ያጣና አይንከባለልም። ውኃው ከላይኛው ድንጋይ ትንሽ ዝቅ ይበል። በርሜሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሪ፤ ለዚህ መጠን ከ30 እስከ 60 ዙር መካከል ከሆነ ደህና ነው። በ50 ኸርዝ ትንሽ ቢዘገይ ጊዜ ይጨምርብሻል እንጂ ድንጋዩን አይጎዳም።

ወጣቷ፦ እንዳያፈስስስ?

አዛውንቱ፦ አብዛኛው መፍሰስ ከክዳኑ አፍ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ዱቄት ጎማው ላይ ከቀረች መንገድ ትከፍታለች። ከመዝጋትሽ በፊት አፉንም ክዳኑንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ዳዶውን በእጅ ብቻ አጥብቂ፤ በፒንሳ ካጠበቅሽው ክዳኑ ይጣመምና ይብስበታል። ውጭውንም አድርቂ፤ እርጥብ በርሜል ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ብቻ አሠሪው፤ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፊ። ጋዜጣው ደርቆ ከቆየ ታምኚዋለሽ።

ወጣቷ፦ ለምን ዱቄት እገዛለሁ? የአትባራ ወንዝ አሸዋ ሞልቶ የለም?

አዛውንቱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። አሸዋው በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ በማዕድን መለኪያ ጥንካሬው 7 ነው። አቂቅም ያው ወደ 7 ነው። እኩያ እኩያውን ለመቁረጥ ዘመን ይፈጃል፤ ወንዙ ዘመን አለው፣ አንቺ የለሽም። የሚገዛው ዱቄት፣ ሲሊከን ካርባይድ፣ ግን ከ9 በላይ ስለሆነ ይቆርጠዋል። መካኒኮች ቫልቭ የሚያስተካክሉበት ሻካራ ቅባትም አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ዘይት ስላለበት ጎማውን ያበላሻል፣ ከውኃም አይዋሐድም። ዱቄቱን በቁጥር ግዢ፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ፦ መጀመሪያ 60/90፣ ቀጥሎ 120/220፣ ከዚያ 500፣ መጨረሻ የማብረቂያ አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ለዚህ በርሜል በየደረጃው አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል።

ወጣቷ፦ እያንዳንዱ ስንት ቀን?

አዛውንቱ፦ ሳምንት ገደማ። የመጀመሪያውን ግን ቀን አይወስነውም፤ ድንጋዩ ይወስነዋል። በሳምንቱ ከፍተሽ እይ፤ ስንጥቅና ጉድጓድ ያለበትን ለይተሽ በአዲስ ዱቄት መልሺው፤ ሁለት ሦስት ዙርም ሊፈልግ ይችላል። ሻካራው ዱቄት ያላነሣውን ጉድጓድ ደቃቁ አያነሣውም። ብዙ ሰው ድንጋዬ አልበራም ብሎ የማብረቂያውን ዱቄት ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት መቸኮሉ ነው።

ወጣቷ፦ ሌላስ ምን ያጨልመዋል?

አዛውንቱ፦ ያልታጠበ በርሜል። ከቁጥር 60 የቀረች አንዲት ቅንጣት ማብረቂያው ውስጥ ከገባች ድንጋዩን ሁሉ ትጭራለች። በየደረጃው መካከል ድንጋዩን፣ በርሜሉን፣ ክዳኑን፣ የክዳኑን ጎድጓዳ ጭምር በብሩሽ እጠቢ፤ ስንጥቅ ያለው ድንጋይ ዱቄት ይደብቃልና አውጪው። ከቻልሽ ለማብረቂያ ብቻ የሚሆን ሌላ በርሜል ይኑርሽ።

ወጣቷ፦ እጣቢውን ደጅ ልድፋው?

አዛውንቱ፦ ቦይ ውስጥ እንዳትደፊው፤ ይረጋና ስሚንቶ ይሆናል። ከብት ከሚጠጣበትም አርቂው። በባልዲ አስቀምጪው፤ ውኃው ሲጠራ ከላይ አፍስሽ፣ ዝቃጩን ሳይደርቅ ቆፍረሽ ቅበሪው። ከደረቀ በኋላ አትጥረጊው፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ይገድላል። የተሰበረ ድንጋይ መሞረድ ቢያስፈልግሽም በውኃ እያራስሽ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ የሚሆነውን ድንጋይ በምን ልለየው?

አዛውንቱ፦ በኪስ ቢላ ጫሪው። ቢላው ከጫረው ለስላሳ ነው፣ ተዪው። ጠጥሮ ብርጭቆ ከጫረ፣ ሲሰበርም ፊቱ ለስላሳና ጎበጥ ያለ ከሆነ ያዢው። ይህን ምርጫ የጀመርነው እኛ አይደለንም። በ2016 ዓ.ም የታተመ ጥናት በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ መተማ አካባቢ፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የፈለጧቸውን ትንንሽ የድንጋይ ጫፎች አሳይቷል። ጥሩ ፍላጭ የሚሰጠው ቅንጣቱ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ጥሩ ብርሃን የሚይዘውም እሱ ነው። ባዝልቱ ራሱ ይለሰልሳል እንጂ እምብዛም አያበራም፤ የገዳሪፍ አሸዋማ ድንጋይ ደግሞ ተፈርፍሮ ጭቃ ይሆንብሻል። ጠንካራውን ከለስላሳው ጋር አትቀላቅዪ፤ መጠኑን ግን አሰባጥሪው፣ ትንንሹ በትልልቁ መካከል ገብቶ ይሠራል።

ወጣቷ፦ ወንድሜ ከወሎ ኦፓል ልላክልሽ ብሎኛል። አብሬ ልክተተው?

አዛውንቱ፦ ከደላንታ ከሆነ እዚህ ውስጥ አታስገቢው። እዚያ ወገል ጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው ውኃ የሚመጥጥ ነው፤ ሲርስ መልኩ ይለወጣል፣ ቆሻሻ ውኃ ከጠጣም ሊበላሽ ይችላል። ጥንካሬው ከአቂቅ ያንሳል፤ አንድ ሳምንት ከአቂቅ ጋር ሲጋጭ ከርሞ ምን ሊተርፍልሽ? እሱ በእጅ፣ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው።

ወጣቷ፦ መብራት በመካከል ቢጠፋ?

አዛውንቱ፦ ለሰዓታት ከሆነ ምንም አይደል፤ ሲመጣ በርሜሉን በእጅሽ ጥቂት አናውጪና መልሺው። ለቀናት የሚጠፋ ከመሰለሽ ግን ከፍተሽ እጠቢው፣ ዝቃጩ ይረጋል። ሥራ ስታቆሚም በርሜሉን ከዘንጎቹ አውርጂ፤ ጎማው በአንድ ጎን ተኝቶ ከከረመ ይጎደጉዳል፣ ከዚያ ሲዞር ይዘልላል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ማሽኑን በጥላ፣ አየር በሚገባበት አሠሪው፤ በሳጥን አትክደኚው። የአቧራ ማዕበሉ ሃቡብ ሲነሣ አጥፊና ሸፍኚ፤ ካለፈ በኋላ የሞተሩን የአየር ቀዳዳ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። በርሜሉ ያበጠ ከመሰለሽ ጋዝ ሞልቶታል፤ ፊትሽን አዙረሽ ዳዶውን ቀስ ብለሽ ፍቺ። ተመላልሶ ከመጣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ እንዴት አስታውሰዋለሁ?

አዛውንቱ፦ ደብተር ያዢ። ዱቄቱ ስንት ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ኩሽኔታው ዘይት የጠጣበት ቀን፣ ቺንጋ የተቀየረበት ቀን። ያገለገለ ማሽን ታሪኩን ከፊተኛው ሰው ጋር ጥሎ ይመጣል፤ ያንቺን ዘመን አንቺ ጻፊለት። ድምፁንም ልመጂ፦ ደህና ሲሆን የማይቋረጥ ለስላሳ ሹክሹክታ አለው። ኳኳ ካለ ድንጋዩ አንሷል፣ ዝም ካለ በዝቷል ወይም ቺንጋው ተንሸራትቷል።

ወጣቷ፦ ዛሬ ማታ ምርጥ ምርጡን አቂቅ ላስገባ?

አዛውንቱ፦ የለም። የመጀመሪያውን ዙር ቢሰበር የማይቆጭሽን ተራ ጠንካራ ድንጋይ አስገቢ። ኩሽኔታው ሳይንኮሻኮሽ፣ ክዳኑ ሳያፈስስ፣ ሞተሩ እጅሽን ሳይፋጅ ሳምንቱን ከጨረሰ፣ አቂቆችሽን በሁለተኛው ዙር ጨምሪ።