የጂንክስ ሹሩባ

ጥያቄ፦ «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ጂንክስ እየሳቀች የምትተኩስ እብድ ብቻ ነበረች። «አርኬን» ላይ ግን አስለቀሰችኝ። መልኳ ያው ሆኖ ሳለ ምን ተለወጠ?

መልስ፦ መልኳ መጀመሪያ የተሠራው ከሩቅ እንዲታይ ነው። ጨዋታው ከላይ ቁልቁል ስለሚታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ስትገባ ረጅሙ ሰማያዊ ሹሩባዋ በግርግሩ መሃል ቶሎ ያስለያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ተከታታይ ፊልም «አርኬን» ለዚያው መልክ ታሪክ ሰጠው። ጂንክስ ገና ትንሿ ፓውደር ሳለች፣ ቤተሰቧን ላድን ብላ የላከችው የአሻንጉሊት ዝንጀሮ ቦምብ የራሷን ሰዎች ፈጀ። እህቷ ቫይ ፊቷን መታ «ጂንክስ» አለቻት፤ በእኛ አፍ «ገደ ቢስ» እንደማለት ነው። ስድቡ ስሟ ሆኖ ቀረ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን በሁለተኛው ምዕራፍ ከሩቅ ያስለያት የነበረውን ያንን ሹሩባ መቁረጧ ነው።