ተውሳከ ግስን እንወቅ፤ በኤል-ዋይ አንታለል!

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ እንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ነው። በእንግሊዝኛ አድቨርብ ይባላል። ይህን ርዕስ የመረጥኩት በራሴ ላይ በደረሰው ነገር ነው።

ባለፈው የእንግሊዝኛ ቀን በሰልፍ ሰዓት ስለ እናቴ በማይክ አንብቤ ነበር። እናቴ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ነው ከቤት የምትወጣው። እኔም "እናቴ ጠንክራ ትሠራለች" ለማለት ፈልጌ፣ "ማይ ማዘር ወርክስ ሃርድሊ" ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ተማሪው አጨበጨበልኝ። ስጨርስ ግን የእንግሊዝኛ መምህራችን ጠጋ ብለው፣ "እናትሽ ሥራ አትወድም እንዴ?" አሉኝ። ደነገጥኩ! ለካ "ሃርድሊ" ማለት "ጠንክሮ" ሳይሆን "እምብዛም" ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት እናቴን ሰነፍ አደረግኋት። ያን ቀን ምሳዬን እንኳን በደንብ አልበላሁም። እናንተም እንደኔ እንዳትሳሳቱ እስኪ አብረን እንማር።

ተውሳከ ግስ ምንድን ነው?

ተውሳክ ማለት ጭማሪ ማለት ነው። ስለዚህ ተውሳከ ግስ በግስ ላይ ተጨምሮ ስለ ድርጊቱ የሚነግረን ቃል ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል፦

1. እንዴት? ስሎውሊ (በዝግታ)፣ ኬርፉሊ (በጥንቃቄ)
2. መቼ? ናው (አሁን)፣ የስተርደይ (ትናንት)
3. የት? ሂር (እዚህ)፣ አውትሳይድ (ውጭ)
4. በየስንት ጊዜው? ኦልዌይስ (ሁልጊዜ)፣ ኔቨር (በጭራሽ)
5. ምን ያህል? ቬሪ (በጣም)። ይሄኛው ግን ከግስ ይልቅ ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግስን ነው የሚያጎላው። "ቬሪ ስሎውሊ" እንደምንለው ማለት ነው።

እንዴት እንለየዋለን?

ብዙዎቻችን የምናውቀው መለያ መጨረሻው ላይ ኤል እና ዋይ መኖሩን ነው። እውነት ነው፣ "ስሎው" ቅጽል ሲሆን ኤል-ዋይ ሲጨመርበት "ስሎውሊ" ይሆናል። በዋይ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ እንደ "ሃፒ" ዋዩ ወደ አይ ተቀይሮ "ሃፒሊ" ይሆናል። ግን ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛ፣ ኤል-ዋይ ኖሯቸው ተውሳከ ግስ ያልሆኑ አሉ። "ፍሬንድሊ" (ተግባቢ) እና "ሎንሊ" (ብቸኛ) ቅጽሎች ናቸው። "ፋሚሊ" ደሞ ጭራሽ ስም ነው!

ሁለተኛ፣ ኤል-ዋይ ሳይኖራቸው ተውሳከ ግስ የሚሆኑ አሉ። ለምሳሌ ደራርቱ ቱሉን እናንሳ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችልን ጀግና ናት። "ደራርቱ ዋዝ ኤ ፋስት ረነር" ስንል "ፋስት" የሚገልጸው ሯጯን ስለሆነ ቅጽል ነው። "ደራርቱ ራን ፋስት" ስንል ግን አሯሯጧን ስለሚገልጽ ተውሳከ ግስ ነው። "ፋስትሊ" የሚባል የለም! "ጉድ" ደግሞ "ጉድሊ" አይሆንም፤ "ዌል" ነው የሚሆነው።

ሦስተኛ፣ እኔን የጣለኝ ወጥመድ ነው። ኤል-ዋይ ሲጨመርባቸው ትርጉማቸው የሚቀየር አሉ። "ሃርድ" ጠንክሮ፣ "ሃርድሊ" እምብዛም። "ሌት" ዘግይቶ፣ "ሌትሊ" ሰሞኑን።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ። ከዚያ "እንዴት? መቼ? የት? በየስንት ጊዜው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ የሚሰጣችሁ ቃል ተውሳከ ግስ ነው። የቃሉን ጭራ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

ቦታውንም አትርሱ። በአማርኛ "ቶሎ መጣ" ብለን ተውሳከ ግሱን እናስቀድማለን። በእንግሊዝኛ ግን "እንዴት" የሚለውን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግሱ በኋላ ነው የሚመጣው። "ኦልዌይስ" እና "ኔቨር" ግን ከግሱ በፊት ይገባሉ፤ ግሱ "ኢዝ" ከሆነ ደግሞ ከኋላው ይሆናሉ።

እስኪ ራሳችሁን ፈትኑ! ተውሳከ ግሱን አውጡ፤ ከሌለም "የለም" በሉ።

ሀ. ሺ ሲንግስ ቢውቲፉሊ።
ለ. ሂ ኢዝ ኤ ፍሬንድሊ ቦይ።
ሐ. ዘ ባስ ኬም ሌት።
መ. ዊ ኔቨር ስሊፕ ኢን ክላስ። (እውነት ነው?)

ማታ ለእናቴ የሆነውን ስነግራት፣ "እና በእንግሊዝኛ ሰነፍ አደረግሽኝ?" ብላ በጣም ሳቀች። ሰኞ በሰልፍ ሰዓት መምህራችንን አስፈቅጄ እንደገና ማይክ ያዝኩና "ማይ ማዘር ወርክስ ሃርድ" አልኩ። አሁን ልክ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መልካም ጥናት!

መልስ፦ ሀ. ቢውቲፉሊ ለ. የለም፤ ፍሬንድሊ ቅጽል ነው ሐ. ሌት መ. ኔቨር