ዓላማ የሚፈተነው በኪሳራ ጊዜ ነው፦ የፓታጎኒያ መሥራች ተሞክሮ እና የሸማቾች ፍላጎት ለውጥ

መግቢያ

ስለ ጀማሪ ድርጅቶች የሚካሄዱ ጥናቶች ሦስት ጉዳዮችን ደጋግመው ያነሣሉ፤ እነርሱም የሥራ ፈጣሪው ውጣ ውረድ፣ ድርጅቱ የቆመለት ዓላማ እና የሸማቾች ፍላጎት መለዋወጥ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ውጣ ውረዱ በፋይናንስ፣ ዓላማው በአመራር፣ የፍላጎት ለውጡ ደግሞ በገበያ ጥናት ሥር ተለያይተው ይታያሉ። በተግባር ግን ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ሥራ ፈጣሪ ፊት በአንድ ጊዜ የሚቀርቡ ናቸው። አንዱን ለመመለስ የሚወሰድ እርምጃም የሌሎቹን መልስ ይለውጣል።

ይህ ጽሑፍ የሦስቱን ትስስር ለማሳየት የፓታጎኒያ ልብስ አምራች ድርጅት መሥራች የሆኑትን የአሜሪካዊውን ኢቮን ሹዊናርድን ተሞክሮ ይመረምራል። ሹዊናርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የሥራ ሕይወት ታሪካቸው ስኬታቸውን ብቻ ሳይሆን የተሳሳቱባቸውን ውሳኔዎችም ዘርዝረዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የአንድ ድርጅት ዓላማ የሚለካው በመፈክሩ ሳይሆን ዓላማውን ለመጠበቅ ሲል በሚተወው ገቢ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመስፍና መዶሻ የተነሣ ሥራ

ሹዊናርድ ሥራቸውን የጀመሩት በ1957 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ ነበር። አሮጌ የከሰል ምድጃ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ገዝተው የብረት ቅጥቀጣን ራሳቸውን በራሳቸው አስተማሩ። የሚሠሩትም ተራራ ወጪዎች በዐለት ስንጥቅ ውስጥ እየመቱ ገመዳቸውን የሚያያይዙበትን የብረት ችካል ነበር። በጊዜው ከአውሮፓ ይመጣ የነበረው ችካል ከለስላሳ ብረት የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከተመታ በኋላ እዚያው ዐለቱ ውስጥ ይቀር ነበር። የሹዊናርድ ችካል ግን ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ተነቅሎ በተደጋጋሚ የሚያገለግል ነበር። የአውሮፓው ችካል በ20 ሳንቲም በሚሸጥበት ወቅት የእርሳቸውን በአንድ ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጡ፤ ገዢም አላጡም። ከ1965 ጀምሮ ከመሐንዲሱ ቶም ፍሮስት ጋር በሽርክና ሠሩ። በ1970 ድርጅታቸው በአሜሪካ ትልቁ የተራራ መውጫ መሣሪያዎች አቅራቢ ለመሆን በቃ።

የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ የመጣው ከዚሁ ስኬት ነው። የተራራ መውጣት ስፖርት እየተስፋፋ ሲሄድ በካሊፎርኒያ የዮሰሚቲ ሸለቆ ዐለቶች በሚመታባቸውና በሚነቀልባቸው ችካል እየተሰነጣጠቁና እየተቦረቦሩ መጡ። ጉዳቱ የምርቱ ጉድለት ያስከተለው አልነበረም። ችካሉን ከአውሮፓው የተሻለ ያደረገው ባሕርይ፣ ማለትም ተነቅሎ ደግሞ መመታት መቻሉ፣ ዐለቱን ያቆሰለውም እርሱ ነበር። ችካል በዚያን ጊዜ ከድርጅቱ ገቢ 70 በመቶ ያህሉን የሚያስገኝ ምርት ነበር።

ሹዊናርድና ፍሮስት ቀስ በቀስ ከችካል ንግድ ለመውጣት ወሰኑ። ሆኖም ደንበኛውን አማራጭ ሳይሰጡት አልተዉትም። በመዶሻ የማይመታ፣ በእጅ ተሸጉጦ በእጅ የሚወጣ የአሉሚኒየም ሽብልቅ ሠርተው አቀረቡ። በ1972 ባወጡት የምርት ማውጫ ውስጥም ስለ አዲሱ አወጣጥ የሚያስረዳ በዳግ ሮቢንሰን የተጻፈ ባለ 14 ገጽ ጽሑፍ አካተቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ የችካል ሽያጭ አሽቆለቆለ፤ ሽብልቁ ደግሞ ተመርቶ ሊዳረስ ከሚችለው በላይ ተፈለገ። እዚህ ላይ የሸማቾች ፍላጎት የተለወጠው አምራቹ የራሱን ዋና ምርት ጉዳት አስቀድሞ በይፋ በማመኑና እኩል የሚያገለግል ምትክ በማቅረቡ ነው።

ዕድገት ራሱ እንቅፋት ሲሆን

ፓታጎኒያ በ1973 በልብስ ንግድ ከተመሠረተ በኋላ መንገዱ ቀና አልነበረም። ከመጀመሪያዎቹ ችግሮች አንዱ በሆንግ ኮንግ ያሠሩት የሸሚዝ ምርት ነው። ሸሚዞቹ ዘግይተው ከመድረሳቸውም በላይ ጥራታቸው የወረደና ሲታጠቡ የሚያጥሩ በመሆናቸው ድርጅቱን ለኪሳራ አፋፍ አድርሰውት ነበር። በ1989 ደግሞ እህት ድርጅት የነበረው የተራራ መሣሪያ አምራች በተመሠረቱበት የጉዳት ካሳ ክሶች ምክንያት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በመጨረሻም ለሠራተኞቹ ተሸጦ ብላክ ዳይመንድ በሚል ስም ሥራውን ቀጠለ።

ከሁሉም የከፋው ፈተና ግን የ1991ዱ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የድርጅቱ ዓመታዊ ሽያጭ ከ20 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አድጎ ነበር። አመራሩም ዕድገቱ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ በማመን ሠራተኛ ቀጠረ፤ ሸቀጥ አከማቸ። የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲመጣ ሽያጩ በታሰበው መጠን ሳያድግ ቀረ፤ አበዳሪው ባንክም የብድር ጣሪያውን ቀነሰ። ሐምሌ 31 ቀን 1991 ድርጅቱ 120 ሠራተኞቹን፣ ማለትም ከጠቅላላው 20 በመቶ የሚሆኑትን፣ በአንድ ቀን አሰናበተ። ብዙዎቹ የመሥራቹ ወዳጆችና የወዳጆቻቸው ወዳጆች ነበሩ።

ይህ ክስተት በዓላማ ላይ ለሚደረገው ጥናት ከሌሎቹ ይልቅ አስተማሪ ነው። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ዓላማ አላጣም ነበር፤ ከ1985 ጀምሮ ከገቢው ለአካባቢ ጥበቃ ይለግስ ነበር። ይሁን እንጂ ለውጭው ዓለም የተነደፈው ዓላማ ስለ ድርጅቱ የራሱ ዕድገት ልክ የሚለው ነገር አልነበረውም። በጎ አድራጎቱና የማስፋፊያ ዕቅዱ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የተያዙ ያህል ነበሩ። የዚህን ክፍተት ዋጋ የከፈሉት ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ሳይሆኑ ከሥራ የተሰናበቱት ሠራተኞች ናቸው።

ሹዊናርድ ከቀውሱ ጋር በተያያዘ ከፍተኛ ኃላፊዎቻቸውን ይዘው በአርጀንቲና ወደሚገኘው የፓታጎኒያ ተራራማ ምድር በመጓዝ፣ ድርጅቱ ለምን እንደሚኖር ተወያዩ። ከዚያ ወዲህ የተከተሉት መርሕ ድርጅቱ ደንበኞች በእርግጥ በጠየቁት መጠን ብቻ እንዲያድግ፣ በብድር ላይ ያለው ጥገኝነትም እንዲቀንስ የሚል ሆነ። ዓላማው ከልገሳ መዝገብ ወጥቶ ወደ ምርትና ብድር ውሳኔ የገባው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ሸማቹ ያልጠየቀው ለውጥ

በ1988 በቦስተን ከተማ በተከፈተው መደብር የሚሠሩ ሰዎች ራስ ምታት ያማቸው ጀመር። ምርመራ ሲደረግ ምክንያቱ በምድር ቤት ከተከማቹት የጥጥ ልብሶች የሚወጣ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ኬሚካሉ ልብስ እንዳይጨማደድና እንዳይሸበሸብ በማጠናቀቂያ ሥራ ላይ የሚውል ነው። ችግሩን በአየር ማናፈሻ ጥገና ብቻ መፍታት ይቻል ነበር፤ ድርጅቱ ግን የጥጥን ምርት ከማሳው ጀምሮ መመርመር ያዘ። በተለመደው የጥጥ እርሻ የሚረጨው የፀረ ተባይ ኬሚካል ብዛት ከተረዱ በኋላ፣ በ1994 ከ1996 ጀምሮ በኦርጋኒክ ጥጥ ብቻ ለማምረት ወሰኑ።

ውሳኔው ከባድ ነበር። ኦርጋኒክ ጥጥ ውድ ከመሆኑም በላይ በተለመዱት ደላሎች በኩል በበቂ መጠን አይገኝም ነበር። በመሆኑም ድርጅቱ በቀጥታ ወደ ጥቂት ገበሬዎች መሄድ፣ መዳመጫዎችና ፈትል ፋብሪካዎችም ለዚህ አነስተኛ ምርት ሲሉ መሣሪያዎቻቸውን እንዲያጸዱ ማግባባት ነበረበት። የሚያመርታቸውን የጥጥ ልብስ ዓይነቶችም ቀነሰ።

ይህ ውሳኔ ከ1972ቱ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። ተራራ ወጪው የቆሰለውን ዐለት በዓይኑ ያያል፤ የሸሚዝ ገዢ ግን የጥጡን ማሳ አያይም። ስለዚህ ከሸማቹ ግፊት አልተጠበቀም፤ የፍላጎት ጥናት ቢደረግም ኖሮ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ብዙ ደንበኛ መገኘቱ ያጠራጥራል። ድርጅቱ ያደረገው ምርጫውን ራሱን መለወጥ ነው፤ በተለመደው መንገድ ከለማ ጥጥ የተሠራ ምርት ከመደርደሪያው ጠፋ።

«ይህን ጃኬት አትግዙ»

በኅዳር 2011 አሜሪካውያን ለግብይት በሚሻሙበት ዓርብ፣ ፓታጎኒያ የራሱን ጃኬት ሥዕል አትሞ ሰዎች እንዳይገዙት የሚመክር ማስታወቂያ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ አወጣ። ጃኬቱን ለመሥራት 135 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅም ገለጸ። መልእክቱ ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት እንዲያስቡ፣ ያላቸውንም እንዲጠግኑ የሚያሳስብ ነበር። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት የድርጅቱ ሽያጭ ጨመረ።

ይህ ውጤት በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። አንደኛው፣ ሸማቾች እውነት ለሚናገር ድርጅት ያላቸውን እምነት ገለጹ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የመቆጠብ ጥሪው ራሱ ወደ ማስታወቂያነት ተለወጠ የሚል ነው። ሁለቱም በአንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ለተመራማሪው የሚቀረው ቁም ነገር፣ ስለ አካባቢ የሚጨነቅ ሸማች መብዛቱ ሰዎች የሚመርጡትን ድርጅት ሊለውጥ ቢችልም የሚገዙትን ዕቃ ብዛት ይቀንሳል ማለት አለመሆኑ ነው።

በመስከረም 2022 ሹዊናርድና ቤተሰባቸው የድርጅቱን ባለቤትነት አስተላለፉ። ድምፅ የሚሰጥባቸው 2 በመቶ አክሲዮኖች ዓላማውን እንዲጠብቅ ለተቋቋመ ባለአደራ፣ ድምፅ የማይሰጥባቸው 98 በመቶዎቹ ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት ተሰጡ። በዚህም መሥራቹ በሕይወት ሳሉ የወሰዱት አቋም ከእርሳቸው በኋላም በሕግ እንዲጸና ተደረገ።

የተሞክሮው ወሰን

ከዚህ ታሪክ «ዓላማ ያለው ድርጅት ያተርፋል» የሚል ድምዳሜ ማውጣት ስሕተት ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ተመሳሳይ ዓላማ ይዘው የከሰሙ ድርጅቶች የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው አያገኙም፤ የተረፈውን ብቻ አይቶ ምክንያት መስጠት ያሳስታል። ሁለተኛ፣ ዋናው ምንጭ የመሥራቹ ትውስታ ነው፤ ትውስታ ደግሞ ከውጤቱ ወደ ኋላ እየተመለከተ የተዘበራረቀውን ያስተካክላል። ሦስተኛ፣ ድርጅቱ በቤተሰብ ይዞታ ሥር የነበረ፣ አክሲዮኑም በገበያ ያልተሸጠ ነው። መሥራቾቹ ገቢያቸውን የሚቀንስ ውሳኔ ሲወስኑ ፈቃድ የሚጠይቁት ባለአክሲዮን አልነበረባቸውም። በውጭ ባለሀብት ገንዘብ የተቋቋመ ጀማሪ ድርጅት ይህ ነጻነት የለውም።

ማጠቃለያ

በተመረመሩት አጋጣሚዎች ሸማቹ ከጉዳቱ ያለው ርቀት ይለያያል። በ1972 ጉዳቱን የሚያየው ሸማች ምትክ ሲያገኝ በፍጥነት ተለወጠ። በ1996 ጉዳቱን የማያየው ሸማች ሳይጠየቅ ምርቱ ተለወጠለት። በ2011 ከመግዛት እንዲቆጠብ የተጠየቀው ሸማች ሐሳቡን ቢያደንቅም መግዛቱን አላቆመም። በሁሉም አጋጣሚዎች ድርጅቱ የፍላጎት ለውጥን ከመከተል ይልቅ የራሱን ምርት ጉዳት ለማየት ቀድሟል። በ1991 ግን የራሱን ዕድገት ጉዳት ሳያይ ቀርቷል፤ ዋጋውንም 120 ሰዎች ከፍለዋል።

ስለሆነም የጀማሪ ድርጅትን ዓላማ የሚመረምር ጥናት የድርጅቱን መግለጫ ከመተንተኑ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይጠቅማል። ድርጅቱ ለዓላማው ሲል የተወው ገቢ የትኛው ነው? ዓላማው በብድር፣ በቅጥርና በማስፋፋት ውሳኔዎች ላይ ይታያልን? ውሳኔው ሲከሽፍስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? መልሶቹ ከመፈክር ይልቅ በሒሳብ መዝገብና በሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።