ጭቃ ቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ነጆም ሆነ ደምቢ ዶሎ፣ እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የገባለት ባለቤት ቀድሞ የሚያስበው የአባቱን ጭቃ ቤት ማፍረስ ነው። ግንበኛ ይጠራል፤ ብሎኬቱ፣ ሲሚንቶውና ፌሮው ተደምሮ ሲነገረው ገንዘቡ ከመሠረት አያልፍም። ያን ጊዜ ሁለቱም የሚስማሙበት መላ ይመጣል፦ አሮጌው ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ቀለም ይቀባ፣ ለጊዜው ይበቃል። ቤቱ አንድ ሁለት ክረምት አምሮ ይታያል። ከዚያ ልስኑ ይነፋል፣ ይሰነጠቃል፣ በትልልቁ እየተገመሰ ይረግፋል። ባለቤቱም ጭቃ ቤት ድሮም አይረባም ብሎ ይደመድማል።

ጥፋቱ የጭቃው አይደለም። በወለጋ አሮጌ ቤት የሚፈርሰው ውሃና ምስጥ ሲገቡበት ነው። እነዚህን ሁለቱን ማስቆም የሚችል ግንበኛ ወይም አናጢ በየከተማው ለዓመታት የሚበቃ ሥራ አለው፤ አፍርሶ ለመሥራት አቅም ያለው ሰው ጥቂት ነውና። ሥራው ወደፊትም የሚበዛ እንጂ የሚቀንስ አይሆንም። የአገራችን አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ ሲለቀውም ባንዴ ያወርደዋል። ነቀምቴ ደግሞ ድሮውንም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት።

ይህን ቁጥር ወደ ቤት እናምጣው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 60 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት፣ 30 ሚሊ ሜትር በጣለበት ከሰዓት 1,800 ሊትር ይወርድበታል፤ ዘጠኝ በርሜል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ዘጠኙም በርሜል የሚፈሰው ግድግዳው ሥር ነው። መሬቱን ይቦረቡራል፣ ጭቃ እየረጨ የግድግዳውን እግር ያርሳል፣ ቋሚዎቹ የቆሙበትን አፈር ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት እርጥብ አድርጎ ያከርመዋል።

ስለዚህ ግንበኞችና አናጢዎች፣ ለጥገና ስትጠሩ መጀመሪያ ሜትር አታውጡ፤ ካቻቢቴ ያዙ። የቤቱን ዙሪያ እየዞራችሁ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ እያንዳንዱን ቋሚ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ጫፉን እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው። የበሰበሰው እስከ እጀታው ይውጠዋል። ምስጥ የበላው ደግሞ ከላይ ደህና ይመስላል፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ስታደርጉት ባዶነቱ በድምፁ ይታወቃል። በግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያክል የአፈር መስመር ወደ ጣሪያው ሲወጣ ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው። ጥቂት ሰብራችሁለት በማግስቱ ተመለሱ፤ ተደፍኖ ካገኛችሁት ምስጡ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የተበላሸውን ቋሚ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ዋጋ የምትነግሩት ከዚህ በኋላ ነው። ከተቻለ ደግሞ ዝናብ እየጣለ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣና የት እንደሚቆም በዓይናችሁ እዩ። ይህን የመሰለ ጥናት የለም።

ሥራው ከላይ ይጀምራል። ዝገት የበላውን ቆርቆሮ መቀየር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጣሪያው ጠርዝ ነው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳ ሳይወጣ የሚቆረጥ ጣሪያ በየሰፈሩ አለ። ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ነገር ግን የረዘመ ጠርዝ ነፋስ ከሥር እየገባ ያነሳዋል፤ በሚስማር ብቻ አትመኑት። እያንዳንዱን ወራጅ ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ወይም በላሜራ ማሰሪያ እሰሩት። አሸንዳ ስትሰቅሉ ውሃው የሚሄድበትን ቦታ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ከገባ በበጋ የጀሪካን ወረፋ ይቀንሳል። ትርፉ በቦይ ከቤቱ ይራቅ፤ የጎረቤት ግድግዳ ሥር ግን አይሁን።

ከባዱና ሙያ የሚጠይቀው የግድግዳው እግር ነው። በድሮው አሠራር ቋሚው መሬት ተቆፍሮ ይተከላል፤ እንጨት ቀድሞ የሚበሰብሰው ደግሞ አፈርና አየር በሚገናኙበት በዚያው አንድ ስንዝር ላይ ነው። ይህን ለማዳን ግድግዳውን መናድ አያስፈልግም። የቤቱን ዙሪያ በአንድ አንድ ሜትር ከፋፍላችሁ ቁጥር ጻፉበት። ጎን ለጎን ያሉትን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ 1፣ 4 እና 7 ሲሠሩ የቀሩት ቤቱን ተሸክመው ይቆዩ፤ ግንቡ ሲጠነክር ወደ 2፣ 5 እና 8 ትሄዳላችሁ። ከመቆፈራችሁ በፊት ጣሪያውን ከውስጥ በመደገፊያ እንጨት ያዙት፤ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉት፣ በአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ይገኛልና።

ከዚያ የበሰበሰውን እግር ጤነኛው እንጨት እስከሚጀምርበት በመጋዝ ቁረጡ። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍራችሁ በድንጋይና በሲሚንቶ ግንብ አውጡ፤ ከመሬት በላይ ቢያንስ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ይድረስ፤ የሚረጭ ውሃ ከዚያ በላይ ብዙ አይወጣም። ሲሚንቶ በጭቃ ቤት ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው። በግንቡና በእንጨቱ መካከል ላሜራ አንጥፉ፤ ጠርዙ ከግንቡ ሦስት አራት ጣት ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፍ። ላሜራው ምስጥ አይገድልም፤ ነገር ግን ወደ እንጨቱ ለመድረስ ጠርዙን በግልጽ እንዲዞር ያስገድደዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ አይቶ ይጠርገዋል። ቋሚውን ከግንቡ ጋር የምታያይዙበትን ፌሮ ግንቡ ሲሠራ ቅበሩት፤ ላሜራውን የሚበሳበትን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑት። በመጨረሻ ዙሪያውን ጠጠር አንጥፉ፣ መሬቱ በእያንዳንዱ ሜትር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። ግድግዳ ሥር አበባ መትከልና ማገዶ መደርደር እንደሚቀር ለባለቤቱ በትህትና ንገሩት፤ ሁለቱም እርጥበትና ምስጥ ይጠራሉ።

ስለ ምስጡ ጥቂት ልጨምር፤ በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲ፣ በነጆና በጃርሶ አካባቢ ሰብልንም ቤትንም የሚያወድም ትልቅ ችግር ነውና። ሰው ሲመረው መርዝ ፍለጋ ይሄዳል። አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን የሚባሉት የድሮ መርዞች እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የታገዱት አፈርና ውሃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቆዩና ወደ ሰው አካል ስለሚገቡ ነው። ምልክት የሌለው ብልቃጥ ከገበያ ገዝታችሁ ልጆች በሚኖሩበት ቤት ሥር አታፍስሱ፤ በርካታ ግቢ የጉድጓድ ውሃ ይጠጣል። የተቃጠለ ዘይትም ቢሆን መሬት ላይ አይፈስም፤ ከተጠቀማችሁ ደረቅ እንጨት ላይ በብሩሽ ቀቡት። ከሁሉ የሚሻለው የእንጨት ምርጫ ነው። ጥድና ወይራ ምስጥን በደንብ ይቋቋማሉ፣ ዋንዛም ከባሕር ዛፍ ይሻላል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጤነኛ የጥድ ቋሚ ካገኛችሁ ለማገዶ እንዳይሄድ፤ ሌላ ቤት ያቆማል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ውስጡ ያለው እንጨትና ማገርም በሙቀትና በእርጥበት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። የሲሚንቶ ልስን ግን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ከልስኑ ጀርባ በስውር ይበሰብሳል። ሚስማር መትቶ የዶሮ ሽቦ መወጠር ልስኑን ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል እንጂ ውሃውን አያስወጣም። ይህ የጭቃ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በጎንደር የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ የመጡት የጥገና ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በቀድሞው በኖራ ነው የተኩት። ድንጋዩ ያልቻለውን ጭቃው እንዲችል መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ የተነፋውን ሲሚንቶ አንሱ፤ ጭቃው ይድረቅ፤ ከዚያ በጭቃ መርጉ። የወለጋ ቀይ አፈር ለዚህ የታደለ ነው፤ ጥቁር ዋልካ ግን በውሃ ያብጣልና ሲደርቅ ይተረተራል፣ አትጠቀሙበት። ሣርና ሥር ያለበትን የላይኛውን አፈር ገፍፋችሁ ከሥሩ ውሰዱ። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፤ ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲለሰልስ ደርሷል። ምን ያህል ጭድና አሸዋ እንደሚያስፈልግ በቃል የሚነግራችሁ የለም፤ ከአፈር አፈር ይለያያል። ግድግዳው ላይ ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አድርጋችሁ በሦስት ዓይነት ቅልቅል ለስኑና ሳምንት ጠብቁ። ያልተሰነጠቀውና በጥፍር ሲፋቅ የማይራገፈው የእናንተ ቅልቅል ነው። ለዚህ ሥራ ጥሩው ወቅት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ለመጨረሻው ቅብ ኖራን መልሳችሁ አምጡ። በአምቦ መንገድ ያለችው ሰንቀሌ በኖራ ምርት የታወቀች ናት፤ ወደ ነቀምቴ ለሚመጣ መኪና መንገዱ ላይ ነች። ኖራ በደንብ ተነክሮ፣ ተጣርቶ፣ እንደ ወተት ቀጥኖ አራት አምስት ጊዜ ይቀባል፤ እያንዳንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም። ሲነከር ስለሚፈላና ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽርና ጓንት ሳይኖር ማንም አይጠጋው። ኖራ የሚቃጠለው በ900 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሲሚንቶ ግን 1,450 ይፈልጋል፤ የዓለም ሕዝብ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 7 ወይም 8 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከሲሚንቶ ነው። አንድ አሮጌ ቤት ባለበት ሲቆም ለሱ ምትክ የሚቃጠለው ሲሚንቶ ሁሉ ይቀራል።

ውስጡን በሚመለከት፣ ከቆርቆሮው በታች አየር የሚያልፍበት ክፍተት ያለው ኮርኒስ ሙቀቱንም የዝናቡን ጩኸትም ይቀንሳል። አቡጀዲም ሆነ የማዳበሪያ ጆንያ ምንም ካለመኖር ይሻላል፤ ዋናው ነገር በጣሪያው ጫፍ ሁለት በኩል ወንፊት ሽቦ ያለው መተንፈሻ መተው ነው። የድሮ ቤቶች በረንዳ ደግሞ በክፍል ጥማት ታጥሮ ሲዘጋ አያለሁ፤ ግድግዳውን ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ክፍል ከፈለገ በጓሮ በኩል እንዲጨምር ምከሩት።

አንዳንድ ቤት ግን በእናንተ ውሳኔ ብቻ የሚነካ አይደለም። በነቀምቴ የሌቃ ገዥዎች የሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ግቢ የቅርስ ጥገና ጉዳይ ነው። ወንጌላዊው ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ከመጡበት ዘመን ጋር የተያያዙ የድሮ የሚሲዮን ግቢዎችም በየቦታው አሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይጠገንም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ቅርስ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ለሌላውም ቤት ቢሆን በሕንፃ ሕግ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፕላኑን እዩ። መንገድ ሊሰፋበት የተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት እግሩን ብትለውጡለት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

ዋጋውን ባንድ ቁጥር አትናገሩ። ጣሪያውንና አሸንዳውን፣ እግሩን፣ ልስኑን ለየብቻ ጻፉና ባለቤቱ አቅሙ ከፈቀደለት እንዲጀምር አድርጉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ጣሪያው ሳይሠራ ልስን እንደማትጀምሩ ቁርጡን ተናገሩ። የእንጨቱ ጉዳት ቁፋሮ ሲጀመር ከታየው በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በጠመኔ ምልክት ከተደረገባቸው ቋሚዎች በላይ ለሚቀየር ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚከፈል በውሉ ይግባ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከክፍያው ጥቂቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ እንዲከፈል ተስማሙ። የዚያን ዕለት ሄዳችሁ አሸንዳው ሞልቶ አለመፍሰሱን፣ ውሃው ጠጠሩ ላይ አለመቆሙን፣ ላሜራው ጠርዝ ላይ የአፈር መስመር አለመጀመሩን ከባለቤቱ ጋር አብራችሁ እዩና ቀሪውን ተቀበሉ።