ስለ ሒሳብ ፕሮግራም አፈታተን

ነጋዴ ሚዛን ሲገዛ ክብደቱ በታወቀ ድንጋይ ሳይፈትን ገንዘቡን አይከፍልም። የሒሳብ ፕሮግራምም እንደ ሚዛን ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ለዓይን ስለማይታይ ፍተሻው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በቦሌ አራብሳ፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ሱቅ ያለው ነጋዴ ጳጉሜን 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ፣ ዕዳው ከ10 ቀን በኋላ እንዲከፈል ተዋውሏል እንበል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች፤ መክፈያውም መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜንን ዘወትር 5 ቀን አድርጎ የሚቈጥር ፕሮግራም ግን መስከረም 6 ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሦስት ዓመት ተደብቆ በአራተኛው ይገለጣል፤ የአንድ ቀን ልዩነትም ደንበኛንና ነጋዴን ለክርክር ያበቃል።

ይህን ለመከላከል ፕሮግራም ሠሪዎች ከዋናው ሥራ ጋር ትንንሽ የመፈተኛ ፕሮግራሞችን ይጽፋሉ። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ሲሜክ ነው። የግንባታው ዝርዝር በአንድ መዝገብ ከተጻፈለት፣ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ለማክም የሚስማማውን የግንባታ ትእዛዝ ያዘጋጃል። ስለዚህ የሱቁ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ፣ የዋናው ቢሮ ደግሞ ሊኑክስ ቢሆን፣ በሁለቱም ላይ ያው ፈተና ይደረጋል።

አሠራሩም የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ የእያንዳንዱ ፈተና ስምና የሚፈትነው ፕሮግራም በመዝገቡ ይገባል።

2ኛ/ ዋናው ፕሮግራምና መፈተኛዎቹ አብረው ይገነባሉ።

3ኛ/ ሲቴስት የተባለው የሲሜክ ተጓዳኝ ፈተናዎቹን ያስኬዳል። ፈተናው ሲጨርስ 0 ከመለሰ አልፏል፤ ሌላ ቍጥር ከመለሰ ወድቋል። አንዱ ቢወድቅም የቀሩት ይቀጥላሉ፤ በመጨረሻ የወደቁት በስማቸው ተዘርዝረው ይታያሉ።

አንዱን ሲያቃኑ ሌላውን ማጣመም የተለመደ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቍጥር ፈተናው ሁሉ ሊደገም ይገባል።

ሆኖም መሣሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለ 6ኛዋ ጳጉሜን የተጻፈ ፈተና ከሌለ፣ ሁሉም አለፉ መባሉ ዋስትና አይሆንም። ጥያቄውን የሚያውቀው ነጋዴው ራሱ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚያዝ ነጋዴ መልሳቸውን በእጁ ያሰላቸውን ጥያቄዎች ጽፎ ይስጥ፤ ይኸውም፦

ሀ/ ከጳጉሜን 1 ቀን 2014 ዓ.ም. 10 ቀን ሲቈጠር መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፤

ለ/ ከጳጉሜን 1 ቀን 2015 ዓ.ም. 10 ቀን ሲቈጠር መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፤

ሐ/ በ1,000 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 150 ብር።

ፈተናዎቹም ከፕሮግራሙ ጋር እንዲያስረክቡት በውሉ ያስገባ። 2019 ዓ.ም.ም ዘመነ ሉቃስ መሆኑን አይርሳ።