ምዕራፍ 8፦ ዓሣው ሲታከክ

ጤነኛ ዓሣ ግድግዳ አይታከክም። ቆሮሶው ጎኑን ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ ጋር የሚፈትግ፣ ክንፉን ሰብስቦ የሚቆዝም ወይም ማለዳ ላይ ውሃ በሚገባበት በኩል ተሰብስቦ አየር የሚጎርስ ከሆነ ቆዳው ወይም ስንጥቡ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ ብለው ይጠርጥሩ። አየር መጎረስ ብቻውን የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። መታከክ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ወደ ጥገኛ ተውሳክ ያዘነብላል። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ካፕሱሉን እየፈታ ኩሬው ላይ ይበትናል። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ተውሳኩን ንክች አያደርገውም። ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ ወይም በያዮ ጓሮው ኩሬ ለቆፈረ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው መድኃኒት ከሱቅ የሚገዛው ጨው ነው። መቼ ሠርቶ መቼ እንደማይሠራ የሚገባን ግን አንዱን በሽታ ጠጋ ብለን ስናየው ነው።

ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ የያዘው ዓሣ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። እያንዳንዱ ነጥብ ኢክትዮፍቲሪየስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው፤ ከቆዳው ሥር ተቀብሮ ዓሣውን ይመገባል። እዚያ እስካለ ድረስ ውሃው ውስጥ የምንጨምረው መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲያድግ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ወደ ታች ይወርዳል። ድንጋይ ወይም ሣር ላይ ተጣብቆ ሽፋን ካበጀ በኋላ ውስጥ ውስጡን እየተከፋፈለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያፈራል። ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ካላገኙ ያልቃሉ። ጨው የሚያገኛቸው በዚህች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ዑደቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከፍ ብላ በተቀመጠችው በጎሬ ሕክምናው ከመቱ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ነጥቦቹ ጠፉ ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ የጠፉት ሊራቡ ወርደው ነው።

ለነጭ ነጥብ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ጨው ይጨመራል፤ ዓሣው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይበታል። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 2 ሜትር ሆኖ ግማሽ ሜትር ውሃ ያለው ገንዳ 3,000 ሊትር ይይዛል፤ 9 ኪሎ ጨው ይበቃዋል። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ ግን ሦስት ኩንታል ይጠይቃል። ያን ያህል ጨው ኪስን ብቻ ሳይሆን ከኩሬው ግርጌ ያለውን የጎመን መደብም ይጎዳል። ስለዚህ በሽታው ገና ጥቂቶቹ ላይ እያለ ዓሣውን አውጥቶ በገንዳ ማከም ይሻላል። ከአፍዴራ የሚመጣው አዮዲን ያለበት የወጥ ጨው ይሆናል፤ አዮዲኑ ዓሣ የሚጎዳ መጠን የለውም።

ጨው ሳይገዙም ሁለት ገንዳ ያለው ሰው መላ አለው። ዓሣውን በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ የተለቀቀውን ገንዳ ወለሉን ፈትጎ፣ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። ተውሳኩ ልጆቹን ሳያፈራ ከነሽፋኑ ይቀራል። አድካሚ ነው፤ ለጥቂት ዓሣ ግን ከማንኛውም መድኃኒት የማያንስ ዘዴ ነው።

ሌላው የጨው አጠቃቀም አጭሩ እጥበት ነው። በ100 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ጨው አስቀድሞ በደንብ ይሟሟል፤ ዓሣው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይበታል። አጠገቡ ንጹሕ ውሃ የሞላ ሳፋ ይቀመጥ፤ ዓይንዎን ከዓሣው አይንቀሉ። ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ሲጋደም ሰዓቱ ባይሞላም ወዲያው ይወጣል። ይህ እጥበት ቆዳ ላይ የሚኖሩትን፣ ማለትም ትራይኮዲናንና ጠፍጣፋዎቹን የቆዳ ትሎች ያራግፋል። ከቆዳ ሥር የተቀበረውን ነጭ ነጥብ ግን አይነካም። እንደ ክር ተንጠልጥሎ በዓይን የሚታየውን ለርኒያንም አያወርድም፤ እሱ በወረንጦ ከሥሩ ተነቅሎ ቁስሉ ላይ አዮዲን ይቀባል።

የባሕር ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ለነጭ ነጥብ ጨው የመጨመሩን ዘዴ ገልብጠው ይጠቀሙበታል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። እዚያ ነጭ ነጥብ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ዑደቱ ከኛው ብዙም አይለይም፤ እነሱ ግን የውሃውን ጨው ከግማሽ በታች አውርደው ለሳምንታት ያቆዩታል። ዓሣው በኩላሊቱና በስንጥቡ የሰውነቱን ጨው ማመዛዘን ስለሚችል ለውጡን ይችለዋል፤ ባለ አንድ ሕዋሱ ተውሳክ ያ አቅም የለውም።

የትኛው ተውሳክ እንደሆነ ሳያውቁ ማከም ግምት ነው። ማወቅ ደግሞ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ከጎን ክንፉ ኋላ ያለውን ዝልግልግ በቢላ ጀርባ ቀስ ብለው ፍቀው በኩሬው ውሃ ጠብታ መስታወት ላይ ያድርጉት፤ ሳይደርቅ ከ40 እስከ 100 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይዩት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ቀስ እያለ የሚንከባለል፣ በውስጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ የሚታይበት ክብ ነገር ነጭ ነጥብ ነው። የጥርስ ቀለበት ይዞ ባለበት የሚሾረው ትራይኮዲና ነው። እየተሳበና እየተኮማተረ በኋላው መንጠቆ የሚጣበቀው ጠፍጣፋው ትል ነው።

አሁን ወደ አደገኛው መድኃኒት እንምጣ። ኮፐር ሰልፌት በዓሣ እርባታ መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል፤ በኢሉባቦር ግን መጨረሻ ላይ እንኳ ባይታሰብ እመርጣለሁ። መጠኑ የሚሰላው የውሃውን አልካሊነት ለ100 በማካፈል ነው፤ አልካሊነቱ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጨርሶ አይጨመርም። የዚህ አገር ዝናብ ቀዩን አፈር ለዘመናት አጥቦ አሲዳማ አድርጎታል፤ ከእንዲህ ያለ አፈር የሚፈልቅ ምንጭም በአብዛኛው አልካሊነቱ ዝቅተኛ ነው። እንደ ዝዋይና ሐዋሳ ባለ አልካሊ ውሃ ጉዳት የማያደርስ መጠን እዚህ ኩሬውን በአንድ ሌሊት ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ማላካይት ግሪን የተባለውን አረንጓዴ ቀለምማ ለሚበላ ዓሣ አውሮፓም አሜሪካም ከልክለውታል።

ተውሳክ የሚበረታው የተዳከመ ዓሣ ላይ ነው። በመኸር እሸት ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ፍሳሻቸውን ጅረት ውስጥ ሲለቁ ውሃው ኦክስጅን ያጣል፤ አሲድነቱም ይጨምራል። ኩሬዎ ከእንዲህ ያለ ጅረት የሚጠጣ ከሆነ በዚያ ወቅት ቦዩን ዘግተው የምንጭ ውሃ ይፈልጉ። ከሶር ወይም ከገባ ወንዝ የተያዘ ዓሣም በቀጥታ ኩሬ አይገባም። አጭሩን የጨው እጥበት ካለፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ጨው ጨርሶ የማይደርስበት አንድ ተውሳክ አለ፦ ሥጋው ውስጥ የሚኖረው ቢጫ ትል፣ ክሊኖስቶመም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ ላይ የታወቀ ነው። ዓሣ በል ወፍ ከነእንቁላሉ ወደ ኩሬ ያመጣዋል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ዓሣው ውስጥ ገብቶ ወፍ እስኪበላው ይጠብቃል። እዚህ የሚታከመው ኩሬው ነው። ውሃው ይለቀቅ፣ ዳር ዳሩ ያለው ሣር ይታጨድ፣ ጭቃው እስኪሰነጠቅ ይድረቅ። ከዚያ በ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ውሃ ሲነካው የሚፈላው ጥሬ ኖራ ይበተን፤ ዓይንና እጅ ተሸፍኖ። ለአሲዳማ ማሳ የሚታደለው የእርሻ ኖራ የውሃውን አልካሊነት ያሻሽላል እንጂ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ውሃ ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሦስት ዓሣ አስቀድመው ይሞክሩ፤ ደኅና ካደሩ ጫጩቶቹ ይከተሉ።

ቢጫው ትል የተገኘበት ዓሣ ይጣል ወይ የሚል ጥያቄ አይቀርም። ትሉ ተለቅሞ፣ ሥጋው እስከ አጥንቱ በስሎ ይበላል። ሐዋሳ ላይ እንደተለመደው በጥሬው መብላት ግን አይሆንም፤ ትሉ በሕይወት ከተዋጠ የሰው ጉሮሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።